የጋቢናው ቀበቶ

ባሌ ኦርቪል ያቺን አሮጌ መኪና ከአንድ በቆሎ ገበሬ መጋዘን ጎትቶ ካመጣት ጀምሮ ጋራዡ የእሷ ሆነ፤ የእኔዋ በኦሃዮ በረዶ ደጅ ታድራለች። ሞተሩን፣ ፍሬኑን፣ መብራቱን ሁሉ በአዲስ ቀየረላት። የጋቢናውን ወንበር ብቻ፣ «ቆዳው ገና ሰው ሰው ይሸታል፤ አይነካም» ብሎ ተወው።

ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ቀበቶ ገጠመላት። ከወንበሮቹ ሥርም፣ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ካላሰረ የሚጮህ መሣሪያ አስገባ። ከዚያ እኔን መሪው ጋ አስቀምጦ፣ እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ከጀርባው ተደበቀ።

«ሎርና፣ ቀበቶሽን እሰሪና ቁልፉን አዙሪ!»

አስሬ አዞርኩ። መሣሪያው ጮኸ። «የበራው ቀይ መብራት የጋቢናው ነው!» አልኩት።

«እዚያ ወንበር ላይ ምን አስቀመጥሽ?»

«ምንም! ባዶ ነው። የገጠምከው አንተ፣ የምትቆጣው እኔን!»

«እስቲ ዳብሺው፣ ዕቃ ረስቼ ይሆናል።»

ዳበስኩት። ዕቃ የለም። ቆዳው ግን አሁን ሰው የተነሳበት ይመስል ሞቋል። እጄን ቶሎ ሰብስቤ መሪውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ጩኸቱ አላባራም። ፍርሃቴን በቀልድ ላባርር ብዬ፣ ወደዚያ ሳልዞር፣

«ጌታው፣ እባክዎ ቀበቶዎን ይሰሩ» አልኩ።

አጠገቤ ቀበቶው ቀስ እያለ ሲሳብ ሰማሁ። ጠቅ ብሎ ተቆለፈ። ጩኸቱ ቆመ፤ ቀዩ መብራትም ጠፋ።

«ጎበዝ!» አለ ኦርቪል ከኮፈኑ ጀርባ። «ምን አድርገሽ ዝም አሰኘሽው?»