የብሌን ቁልፍ

ወደ አዲሱ ከተማ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የናፍቆት መርፌ ይወጋል። መርፌው ትዝታ አይወስድም፤ መናፈቅን ብቻ ነው የሚወስደው። ጎረቤቶቼ ይህን እያወቁ፣ "እትዬ አጸደ፣ ቤታችንን አደራ! እየመጣን እናያለን" ብለው አልቅሰው ቁልፋቸውን እጄ ላይ ጥለው ሄዱ። ማንም ተመልሶ አልመጣም። እኔ ሞኟ ባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን ቀርቼ የሰው ሳሎን እጠርጋለሁ፤ የሠርግ አልበም፣ ተጀምሮ የቀረ ሹራብ፣ የሕፃን ጫማ አራግፋለሁ።

ዛሬ ግን የአራተኛ ፎቋ ብሌን መጣች። ከደስታዬ የተነሳ ደረጃውን ቀድሜያት ወጥቼ በሯን ከፈትኩላት። የልጇ የይትባረክ ፎቶ እንደተሰቀለ ነው።

"ይኸው፣ አቧራ አላስነካሁትም" አልኳት።

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ የመጣሁትም ለሱ ነው።"

እንባዬ መጣ። እሷ ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥታ ወንበር ላይ ጣለችና ባዶውን ፍሬም ብብቷ ሥር አደረገች።

"እዚያ እንዲህ ያለ ጥሩ እንጨት አይገኝም" አለች።

"ልጅሽስ?"

"ይትባረክ? ሞቷል እኮ እትዬ፤ ረሱት እንዴ?" አለችኝ፣ ከልቧ አዝናልኝ።

ቁልፏን ብዘረጋላት "ምን ያደርግልኛል?" ብላ ወረደች።

ፎቶውን ባዶው ሚስማር ላይ መልሼ ሰካሁት። በሬን በኳስ እየደበደበ እንቅልፍ ይነሳኝ የነበረ ያ ረባሽ ልጅ፣ ከእኔ በቀር የሚናፍቀው ሰው የለውም።