የአሮጌው ጭስ ማደሪያ

ማንኛውም ባለመኪና የመኪናውን ጭስ በከረጢት ሰብስቦ በገዛ ቤቱ እንዲያኖር ከታዘዘ ሦስት ዓመት ሆኗል። የደሴው ሹፌር ይመር የናፍጣ ፒካፑን ይወድ ነበር፤ በርካሽ የገዛት፣ ዳገት የማትፈራ መኪና ናት። የእንግዳ ክፍሉ ግን በከረጢት እስከ ጣሪያው ሞልቷል።

አንድ ጠዋት ሚስቱ ተዋበች፣ «ልጃችን ልትታረስ ልትመጣ ነው፤ የት ላስተኛት?» አለችው።

«በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደውን ሃይብሪድ እንዳልገዛ ውድ ነው።»

«የእሱስ ጭስ ምን ያህል ነው?»

«በወር አንድ ትራስ ቢያክል ነው።»

ይመር በሳምንቱ ፒካፑን ሸጦ፣ ቁጠባውን ጨምሮ ሃይብሪድ ገዛ። የአሮጌዋን መኪና ጭስ ግን የሚረከበው አጣ። ስለዚህ ልጃቸው ከነሕፃኗ የወላጆቿን አልጋ ያዘች፤ እነሱ ደግሞ የአዲሱን መኪና ወንበር ዘርግተው ይተኛሉ።

«ደግነቱ መኪናው አይሸትም» ትለዋለች ተዋበች፣ ጋቢውን ወደ ራሷ እየሳበች።