የመሪው ልክ

«ጨምር» አሉ ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ፣ ዐይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

አንተነህ ጨመረ። የመሪውን ክብደት የሚያሳየው ቁጥር ከሃምሳ ወደ ስድሳ፣ ከስድሳ ወደ ሰባ፣ ከዚያም ሰማንያ ገባ። ሽማግሌው «ጨምር» ያሉት አንዴ ነው፤ እሱ የጨመረው ሦስቴ።

በሰፈሩ ካሉት ጌም ቤቶች የመኪና መሪ ያለው የአንተነህ ብቻ ነው። ወንበሩ ከተገለበጠ ሚኒባስ የተነቀለ ቢሆንም፣ ከጦር አውሮፕላን የወረደ ነው ብሎ ግማሽ ደብረ ብርሃንን አሳምኗል። ጉልበተኛ ነኝ ባይ ጎረምሳ ሲመጣ ተደብቆ መሪውን ያከብድበታል። ከዚያ ላቡን እያየ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ይሄው መሪ ወርውሮት ደነባ ገበያ መሀል ጤፍ ላይ እንደወደቀ፣ አንድ እግር ጫማውም እስከዛሬ እንዳልተገኘ ይተርክለታል።

ዛሬ ግን ወሬም አልመጣለትም።

ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ ሠላሳ ዓመት በአንኮበር መንገድ ሰው ያመላለሱ ሹፌር ናቸው። አምና ስትሮክ ግራ ጎናቸውን መታቸው። አሁን እግራቸው ተመልሷል፣ አፋቸውም ተቃንቷል፤ የሚነዷት ቅጥቅጥ አውቶብስ ባለቤት ደግሞ ነገ ጠዋት ቁርጡን ይፈልጋል። ይነዳሉ ወይስ ሌላ ሹፌር ይፈልግ? መልሱን ከዚህ ወንበር ላይ ይዤ እነሳለሁ ብለው ነው የመጡት።

ልጃቸው ሠናይት ግን ጠዋት ቀድማቸው መጥታ ነበር። ግራ እጃቸው የሻይ ብርጭቆ እንኳ እንደሚጥል፣ እሷ ብትናገር እንደማይሰሟት ለአንተነህ ነገረችው። «አክብድበትና ራሱ ይተወው» አለች። «አንተ እንደሆንክ መዋሸት አይከብድህም።» ተስማማ። ለመልካም ነገር ዋሽቶ ስለማያውቅ ደስም ብሎት ነበር።

አሁን እሷ በሩ ላይ ቆማለች፣ እጆቿን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ደብቃ።

ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ መሪውን ታገሉት። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። አንዱን ኩርባ ዞሩ፣ ሁለተኛውንም ዞሩ፤ ከዚያ ፍሬን ይዘው የስክሪኑን መኪና አቆሙና እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«አንተነህ፣ መሪ የሚከብደው መኪና ሲቆም ነው። ሲሄድ ይቀልላል። ያንተ ግን በሄድኩ ቁጥር ይብስበታል።» ወደ በሩ ዘወር አላሉም። «ማን እንደላከህ አልጠይቅህም። ነገ ሃያ ዘጠኝ ሰው ከኋላዬ ይቀመጣል። ልክ ልኩን አምጣልኝ።»

ሠናይት አቀረቀረች።

አንተነህ ልክ ልኩን ለማንም አምጥቶ አያውቅም፤ ከየት እንደሚጀመርም ጠፋው። በመጨረሻ ዐይናቸውን እንዲጨፍኑ ለመናቸውና ቁጥሩን አንድ በአንድ ያወርድ ጀመር። እሳቸው መሪውን ወዲህና ወዲያ እያዞሩ፣ የልብ ትርታ እንደሚያዳምጥ ሐኪም፣ ገና ነው፣ ገና ነው ይላሉ። አርባ ሁለት ላይ ሲደርስ ትከሻቸው ወረደ። መዞሪያው ደግሞ አልጣማቸውም። ለሚጫወቱት ልጆች ተብሎ መሪው ከዳር እስከ ዳር የሚዞረው አንድ ዙር ብቻ ነበርና፣ ይሄማ የባጃጅ እጀታ ነው አሉ። ወደ ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ወሰደላቸው፤ ሁለት ዙር ተኩል። መኪናዋን ቀስ ብለው አስነሱና አንድ ኩርባ ዞሩ። ከኩርባው ሲወጡ መሪው በራሱ ጊዜ፣ በመዳፋቸው ውስጥ እየተንሸራተተ ወደ መሀል ተመለሰ። ፈገግ አሉ።

«እሷ ናት፤ ቅጥቅጧ።»

ነዱ። ስክሪኑ ላይ ያለው የሰው ሀገር ተራራ ነው፤ በረዶና ጥድ። እሳቸው ግን አንኮበር አደረጉት። እዚህ ጋ ጉም ይወርዳል፤ እዚህ ጋ የአንዲት ባልቴት በግ አስፋልቱን አልጋዋ አድርጋ ትተኛለች፤ እዚህ ጋ ወራጅ አለ። ቁልቁለቱን እንደ ውሃ ወረዱት። ሠናይት ሳይታወቃት ገብታ ከወንበሩ ኋላ ቆማለች። አንተነህም፣ እውነት እንዲህ ደስ የሚል ከሆነ እስከዛሬ ምን ነክቶኝ ነው ማለት ጀምሮ ነበር።

«ሚካኤል» አሉ ሽማግሌው።

ስክሪኑ ላይ ቤተ ክርስቲያን የለም። በእሳቸው መንገድ ግን እዚህ ኩርባ ላይ የሚካኤል ደጅ አለ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳያማትቡ አላለፉትም። ቀኝ እጃቸው ከመሪው ተነስቶ ወደ ግንባራቸው ሄደ። ግራው ብቻውን ቀረ።

መሪው እንደ ልማዱ ወደ መሀል ተመለሰ። ቀስ ብሎ፣ ከግራ እጃቸው ጣቶች ሥር እየተንሸራተተ። መኪናዋ የመንገዱን ጠርዝ አለፈች። ማማተባቸውን አላቋረጡም፤ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ። ሲጨርሱ ስክሪኑ ላይ የቀረው ሰማይ ብቻ ነበር።

አንተነህ አፍ ውስጥ ውሸቱ ተሰልፎ ቆመ። ገመዱ ላልቶ ነው፣ መብራቱ ቀንሶ ነው፣ ይሄ መሪ ከሰዓት በኋላ ያብዳል። ሽማግሌው ዞረው አዩት።

«መሪው ደህና ነበር ጋሼ» አለ።

እንደማመን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሠናይት እጇን ትከሻቸው ላይ ስታሳርፍ አልተቆጡም። ሌላ ሹፌር እንዲፈልግ ለቅጥቅጧ ባለቤት እሷ እንድትደውልለት ነገሯት። ከዚያ ቀና አሉ።

«አሁን ዜሮ አድርገው።»

አደረገው። መሪው እንደ ላባ ቀለለ። ከላይ፣ ከመነሻው ጀመሩ። ጉሙ ጋ አዘገሙ። ለባልቴቷ በግ ቆሙላት። ወራጅ አወረዱ። ሚካኤል ጋ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸው ወደ ግንባራቸው ተነሳ፤ ግራው ብቻውን ኩርባውን ይዞ ዞረ።