ያንቺን ስግደት

የትዕዛዝ የጉልበት ሎሚ ከቦታው እየሸሸ ዓመታት ካሠቃያት በኋላ፣ በኮሮናው ጊዜ በቀዶ ጥገና ተስተካከለላት። "እስክትድኚ ስግደትሽን እኔ እሰግድልሻለሁ" አለቻት ሰብለ፣ ዱባይ አጠገብ ባለችው አጅማን ከተማ ውስጥ በመጋረጃ የተከፈለ አንድ ክፍል የምትጋራት ጓደኛዋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰብለ ከሥራ ስትገባ ከመጋረጃዋ ማዶ መጀመሪያ የራሷን አርባ አንድ፣ ቀጥላ የትዕዛዝን አርባ አንድ ትሰግድ ነበር።

የትዕዛዝ ጉልበት በአራተኛው ወር ዳነ። እሷን ግን ዕረፍቱ ጣማትና ማነከሷን ቀጠለች። ሰብለ ስታስልም፣ ትንፋሽ ሲያጥራትም ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች። ሰብለ በኮሮና እስክትሞት ድረስ እውነቱን አልነገረቻትም።

የስቅለት ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ ትዕዛዝ ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች።

"ዛሬ የሁለታችንንም እሰግዳለሁ፣ ይቅር በይኝ።"

ገና ሳትንበረከክ፣ ከመጋረጃው ማዶ ጉልበት ወለሉን ሲመታ ሰማች። ደግሞ መታ። ደርቃ እንደቆመች ቆጠረች፤ አርባ አንድ ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ።

"ኸላስ፣ የኔ አለቀ" አለች ሰብለ እያለከለከች። "አንቺ ቁጭ በይ እህቴ፣ ያንቺን ልጀምር ነው። ጉልበትሽ አሁንም ያምሻል አይደል?"