ውሃ ልክ

ግንበኛው ቤታችንን ዙሪያውን በቀይ ጡብ መቀነት አስታጥቆ ሲጨርስ ወጥቼ አየሁትና ደሜ ፈላ። የጎረቤቶቻችን ሁሉ መቀነት ከመስኮት በላይ ነው፤ የኛን ከጉልበት ላይ አስሮታል።

«አንተ ሰውዬ፣ መቀነት ጉልበት ላይ ይታጠቃል እንዴ? ከመስኮቱ በላይ ከፍ አድርገው አላልኩህም?»

ውሃ ልኩን ጡቡ ላይ አጋደመና አረፋዋ መሃል ላይ መቆሟን አሳየኝ። «ውሃ ልክ ነው፣ እትዬ።»

«ቀጥ ማለቱንማ አየሁት! ዝቅ አለ ነው የምልህ።»

«ውሃ ልክ ነው» አለ ደግሞ፤ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት በር ስከፍት፣ ከመቀነቱ በታች ያለው ግድግዳ ዙሪያውን ርሷል። ከመቀነቱ በላይ አቧራው እንኳ አልተነካም። ዝናብ ካየን አራት ወር አልፎናል። ቧንቧ ፈንድቶ ይሆናል ብዬ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። የሳሎኑም ግድግዳ እስከዚያው ከፍታ ድረስ ርሷል፤ የጓዳውም፤ የእናቴ መኝታ ቤትም።

እናቴ የአልጋ ቁራኛ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያለ ሰው አትገላበጥም። ከአልጋው ወደ ታች የተንጠለጠለው እጇ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ልጄ፣ ምነው በተኛሁበት እጄን አስታጠብሽኝ?» አለችኝ።

እጇን በነጠላዬ ሳደርቅላት ከውጭ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁ። ግንበኛው መሰላል ላይ ቆሞ፣ ከመስኮቱ በላይ አዲስ ቀይ ጡብ ይደረድራል።

«ልክ ነበሩ፣ እትዬ» አለኝ ዞር ሳይል። «ዝቅ ብሎብኛል።»