ያልተማሰለ ሻይ

«አራተኛ ብርጭቆ አውጪ» አለ ባልየው፤ ቀና ብሎም አላያትም።

እናት መደርደሪያው ፊት ቆመች። በዚህ ቤት ለሻይ የሚወጣው ብርጭቆ ሦስት ነው፤ የባሏ፣ የትልቁ ልጇና የራሷ። ትንሿ ልጅ ወተት ካለ ወተት፣ ከሌለ ውሃ ትጠጣለች። ሻይ ሥራ ለገባ ሰው ነው። ሕጉን ያወጡት የባሏ አባት ናቸው። እሳቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ሕጉ ግን ከገበታው አልተነሳም። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው ተብሎ አይጠየቅም። ብርጭቆው ተሰጥቶት ከጠጣ፣ በዚያው ቀን ደረጃውን ወርዶ ከታች ካለው የቤተሰቡ ላውንደሪ ሥራ ይገባል። ብርጭቆውን ሳይጠጣ የገፋ ልጅ ግን ገና ነው ተብሎ ለከርሞ ይተዋል። ባልየው ራሱ በልጅነቱ አንዴ ገፍቶ አንድ ዓመት አትርፏል።

«ለማን?» አለች፣ እያወቀችው።

«ለሚጢጢ ነዋ። ልብስ ተኳሿ ካገባች ወዲህ አንዱ ካውያ ቆሞ ይውላል።»

ሚጢጢ በሩ አጠገብ ጫማዋን ታስር ነበር። እጇ ክሩ ላይ ቀረ፤ ወዲያው ፊቷ በራ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያን ብርጭቆ ስትለምን ነው ያደገችው።

«ገና ናት» አለች እናት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።»

«ሳታቦካ የለመደች አለች? እኔ ካውያ ሳነሳ ከሷ አንስ ነበር።»

በዚህም በዚያም ሞከረችው። ሰኞ ትምህርት እንደሚከፈት፣ ልጅቷ ክፍሏን እየመራች ሰባተኛ መግባቷን ነገረችው፤ ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ ተምሮ ቢጨርስ ምን እንደሚጎዳ ጠየቀችው። ሌላ ሠራተኛ ፈልግ አለችው። ሠራተኛ ይመጣና ይሄዳል፣ ልጅ ግን የትም አይሄድም አላት። ወገቤ አልቆም ብሎኛል አላት። ይሄ እንኳ እውነት ነበር፤ ሲያቃስት የምታሸው እሷ ናት። የምትለው ሲያልቅባት፣ ሻይ ለልጅ ጥሩ አይደለም፣ እንቅልፍ ይነሳል አለች።

ያኔ ባልየው ፈገግ አለ።

«ይኸው ስንት ዘመን ስትጠጣ መች እንቅልፍ ነሳት? ሻይሽን ሳታማስዪ እንደምትጠጪ የማላይ መስሎሻል?»

እውነቱን ነው። እናት ሁለት ማንኪያ ስኳር ትጨምርና ሳትነካው መራራውን ከላይ ከላዩ ትጠጣለች። ከሥር የዘቀጠውን፣ ሁለት ጉንጭ የሚሆነውን፣ ታስቀራለች። ሚጢጢ ብርጭቆ ላጥብ ብላ ይዛው ወደ ጓዳ ትገባለች። ስለዚህ ነገር እናትና ልጅ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

«የጠጣች ጠጥታለች» አለ ባልየው፤ ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ሕጉን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ። ሻይ የጠጣ ልጅ፣ ልጅ አይደለም።»

ወደ ትልቁ ልጇ ዞረች፤ አንድ ቃል እንዲወጣው። እሱ ዳቦውን ይቆርሳል። ብርጭቆው የተሰጠው በአሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ካውያ ያቃጠለው ጠባሳ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ይሄዳል።

«ጓደኛ አገኘሁ እንግዲህ» አለ ለቀልድ። ማንም አልሳቀም። እጅጌውን ጎትቶ ጠባሳውን ሸፈነ።

እናት ብርጭቆውን አወጣች። ንጹሑን ብርጭቆ መልሳ አጠበችው። ማንቆርቆሪያው ላይ እፍኝ ሙሉ ቅጠል ጨመረች፤ እሳቱ ላይ እስኪጠቁር አቆየችው። ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታ ቀዳች። የስኳሩን ዕቃ ከፈተች፤ ማንኪያውን ባዶውን አስገብታ ባዶውን አወጣችና የብርጭቆውን አፍ አንኳኳችበት።

ልጅቷ የምታውቀው የሥሩን ነው። የላዩን ቀምሳው አታውቅም። እንዲህ ጠቁሮ፣ እንዲህ መሮ ደግሞ ማንም አይችለውም። ግፊው ልጄ፣ አለች በሆዷ። አባትሽ እያየ ግፊው።

ሚጢጢ ወንበር ስባ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች። ብርጭቆውን እንደ ትልልቆቹ በጣቶቿ ጫፍ ያዘችው። እፍ አለችበት። ተጎነጨች።

ትከሻዋ ሰበቅ አለ።

ልጅቷ ዋጠችው። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ ዓይኗ ብቻ ውሃ አቀረረ። እንደገና ተጎነጨች፣ እንደገና ዋጠች። ከንፈሯን ገጠም አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች። እናት ያን ፊት አወቀችው፤ የራሷ ፊት ነው። እሷ መራራውን ስትጠጣ፣ ልጅቷ ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ ስታጠናት ኖራለች።

«እንዴት ነው?» አለ አባት።

«ጥሩ ነው አባባ።»

አባት ራሱን ነቀነቀ። ተነስቶ ከምስማሩ ላይ የተኳሿን ሽርጥ አወረደና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ጫፉ ጫማዋ ላይ ደረሰ። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ወገቧ ላይ ሁለት ጊዜ አጥፎ አሰረላት።

ሚጢጢ ለመውረድ ስትነሳ ብርጭቆው አላለቀም ነበር። ከሥሩ ሁለት ጉንጭ ያህል ቀርቷል። በጥንቃቄ፣ እንዳይናወጥ፣ በገበታው ላይ እየገፋች ወደ እናቷ አስጠጋችው።

«እማዬ» አለች ዝቅ ብላ፣ «የሥሩ ላንቺ ነው።»

ደረጃው ላይ ደርሳ ዞር አለች፤ ልታያት።

እናት ብርጭቆውን አነሳች፤ የቀረውን እስከ ቅጠሉ ጠጣች፤ ፈገግም አለችላት።