የአቶ ምንዋጋው ሽንት ቤት

«ዘጠኝ» አለች ማስተዋል፣ በትልቁ ወረቀት ላይ ያለውን አጭር ቀይ መስመር በእንጨት እየነካች። «ከሰማንያ አራት አባወራ ሽንት ቤት የቆፈረው ስልሳ ሁለት ነው። የሚጠቀምበት ግን ዘጠኝ ብቻ።» መጀመሪያ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንጋ ተናገረችው፤ ቀጥላ ከኋላ ለተቀመጡት መምህሯ በአማርኛ ደገመችው።

ከወይራው ጥላ ሥር የተሰበሰበው ሕዝብ እርስ በርሱ ተያየ። አባቷ አቶ ምንዋጋው ግን ቁጥሩን ከነጭራሹ አልሰሙትም። እሳቸው የሚያዩት ልጃቸውን ነው። ነጭ ጋወን ለብሳ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሳትንተባተብ! ሴት አስተምረህ ምን ልትፈይድልህ ነው ሲባሉ የከረሙት በዚችው ልጅ ነበር እኮ። ከደሃና ሰቆጣ ትምህርት ቤቷ ድረስ ስንቋን ተሸክመው ያመላለሱት ለሷው ነበር። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት የጤና ተማሪ ሆና፣ ከስድስት ጓደኞቿ ጋር ለመስክ ትምህርት ስትወጣ ዕጣው አገሯ ላይ ጣላት። እሰይ! አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው በክርናቸው ጎሸም አደረጉና «የኔ ናት» አሉት። ሰውየው ከተወለደች ጀምሮ የሚያውቃት ጎረቤታቸው ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ገበያው ተነሡ። «መቶ በመቶ ተጠቃሚ ሆነናል» ብለው ባለፈው ወር ለወረዳው ሪፖርት የላኩት እሳቸው ናቸው።

«እኔ የምልሽ ልጄ፣» አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «ሃምሳ ሦስቱ ሰው ጉድጓዱን ለጌጥ ነው የቆፈረው? ማነው እሱ? እስቲ ስም ጥሪ!»

«ስም አልጠራም ጋሼ ገበያው። ስማችሁ አይወጣም ብለን ነው የጠየቅነው።»

«ስም የሌለው ወሬ ሐሜት ነው!» ወደ መምህሩ ዞሩ። «መምህር፣ ልጆችዎ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የጻፉትን ነው ያመጡብን። በጥናታችሁ ወረቀት ላይ እኛ አንፈርምም።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማስተዋል፣ ሕዝቡ ካላመነበት ጥናቱን መቀበል አልችልም። የወር ልፋታችሁ እንደገና ሊጀመር ነው። ምን ትያለሽ?»

«ቁጥሩ ትክክል ነው» አለች።

«አገሯን ልታዋርድ ነው እንዴ የተማረችው?» አሉ አንድ ሽማግሌ። ከወዲያ ደግሞ አንዱ፣ «የምንዋጋው ልጅ ቀባጣሪ ሆና መጣችልን!» ብሎ ሳቀ።

አቶ ምንዋጋው አሁን ሰሙ። ሰሙና ላብ አጠመቃቸው። ልጅቷ እውነቷን እንደሆነ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለማ! ተማሪ የገዛ ቤቱን አይመዘግብም ተብሎ፣ ወደሳቸው ቤት የመጣችው ጓደኛዋ ዮርዳኖስ ነበረች። «ትጠቀሙበታላችሁ አባባ?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ «እንዴታ! ምን ጥያቄ አለው?» ብለው መለሱላት። ገብታ ልታየው ስትል ደግሞ ቁልፉን ሚስታቸው ገበያ ይዛው እንደሄደች ነገሯት። ምን ያድርጉ? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አባት ተብለው እንዴት ብለው ሌላ ይናገሩ!

አሁን ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። ልጅቷ ግን በአባቷ አገር ላይ ውሸታም ተብላ ልትሄድ ነው።

ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«ስም ይጠራ አላችሁ አይደል? እኔ እጠራላችኋለሁ። ምንዋጋው!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ። «በደሃና የኔን የሚያህል ሽንት ቤት የለም። የቆርቆሮ በሩን ከሰቆጣ ድረስ በአህያ አስጭኜ ነው ያመጣሁት። የወረዳ ሰዎች ፎቶ አንስተውታል። ልጆች እንዳያበላሹት ብዬ ቆለፍኩት። ይኸው ዓመት ሆነው፣ እስከ ዛሬ ከበቅሎዬ ኮርቻ በቀር ማንም ገብቶበት አያውቅም! እኔም ቤተሰቤም የምንወጣው እዚያው ገደሉ ሥር ነው። ቤቴ መጥታ ለጠየቀችኝ ለዚች ለሰው ልጅ እንጠቀማለን ብዬ ዋሸኋት። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ልጄ አልዋሸችም!»

ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። «ለኮርቻ! ኧረ በሥላሴ!» አቶ ምንዋጋው ፊታቸው እንደ እሳት ነደደ። በስድሳ ዓመታቸው እንዲህ ተስቆባቸው አያውቅም። ቢሆንም አልተቀመጡም።

ሳቁ ጋብ ሲል ጎረቤታቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «ምኑን ደበቅነው እንግዲህ፣ የኔም ጭድ ነው ያለበት።»

«የኛ ዶሮ ታድርበታለች» አለች አንዲት ሴት። ሌላው እጁን አወጣ፤ ሌላውም ቀጠለ። አቶ ገበያው ዙሪያ ገባውን አዩና፣ «እንግዲህ ሐሳቡን በጥሞና እናየዋለን» አሉና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

አቶ ምንዋጋው ልጃቸውን ለማየት ፈሩ። አንገቷን ደፍታ የሚያገኟት መስሏቸው ነበር። ማስተዋል ግን ወደ ወረቀቱ ዞራ የማርከሩን ክዳን በጥርሷ ነቅላለች። ዘጠኝን ሰረዘችው። ከጎኑ ስምንት ብላ ጻፈች።

«ስምንት ነው» አለች፣ በኽምጣንጋም በአማርኛም። «አንዱ የአባቴ ቤት ነበር። አርሜዋለሁ።»

መምህሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና መዝገባቸው ላይ ስምንትን ጻፉ።

አቶ ምንዋጋው ማንበብ አይችሉም፤ የተሰረዘችው የሳቸው ቤት መሆኗን ግን ከልጃቸው አፍ ሰሙ። ዓይናቸው በእንባ ግጥም አለ፤ አልጠረጉትም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ብቻቸውን እንደ ቆሙ ቀሩ።